በሳምንት አንድ ጆግ

እናቴ ሆስፒታል ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት ጣቴን ያዘችና አፈር ውስጥ ከተተችው።

«እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ» አለችኝ። «ምን ይሰማሻል?»

«ይቀዘቅዛል።»

«እርጥብ ነው ማለት ነው። እርጥብ ሲሆን አትንኪያት። ሲደርቅ ግን አንድ ጆግ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ረቡዕ ረቡዕ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ። ውሃውን ከዋዜማው ቀድተሽ አሳድሪው፤ ከቧንቧ ቀጥታ አይሆንም።» ከዚያ ወደ ጓዳው በር ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለማንም እንዳትነግሪ። ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ፣ ሚጡ። እስክመለስ አደራ።»

ስምንት ዓመቴ ነበር። ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሰጥ አደራ ብዙ ጊዜ የቤት ቁልፍ ነው፣ ወይም ለጎረቤት የሚመለስ ሰሃን። ለኔ የተሰጠኝ ግን ከአባቴ የሚረዝም ዘንባባ ነበር።

ዘንባባዋ ሳሎናችን ውስጥ፣ ከእናቴ የስፌት ማሽን ጎን፣ መስኮቱ ጥግ ነበር የምትቆመው። የተተከለችው አረንጓዴ ቀለም በተቀባ ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ታቹ በምስማር የተበሳሳ፣ ሰፊ ትሪ ላይ የተቀመጠ። እናቴ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነበረች። ቀኑን ሙሉ እግሯ ማሽኑ ላይ፣ ዓይኗ መርፌው ላይ፣ ቀና ስትል ደግሞ ዘንባባዋ ላይ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቅጠሎቿን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፤ የደረቀውን ጫፍ በትንሿ መቀሷ ትከረክማለች። «አረንጓዴውን እንዳትነኪ፤ ከቡናማው ትንሽ ትተሽ ነው የሚቆረጠው» ትለኛለች። በሳምንት አንዴ ቆርቆሮውን ሩብ ዙር ታዞረዋለች፤ በአንድ ወገን ብቻ ብርሃን ጠግባ እንዳትጣመም። ልጆቻቸውን ሊያስለኩ የሚመጡ ሴቶች «ልጅሽንም እንዲህ ትወለውያታለሽ?» እያሉ ይቀልዱባታል። «እሷማ እጅ አላት፤ ራሷን ትወልውል» ትላለች እናቴ፣ ከንፈሯ መካከል መርፌ እንደያዘች።

አደራ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብሎ ጽፎ ሃያ ጊዜ አስገልብጦናል። እናቴ ያለችው «እስክመለስ» ነው። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው፤ ዘንባባዋ ካለች እናቴ ትመለሳለች፣ ከሞተች አትመለስም። ማንም እንዲህ አላለኝም። ራሴ ቆርጬ፣ ራሴ ሰፍቼ፣ ራሴ የለበስኩት ነው። ቢሆንም ልክክ ብሎ በቃኝና አንድም ቀን አላወለቅሁትም።

እናቴ በሄደች ማግስት አክስቴ ሻንጣዋንና የራሷን ትራስ ይዛ መጣች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ከንጋት እስከ ቀትር ዳቦ ቤት ትሠራለች፤ እጅጌዋ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት አለ። የሕንፃው ልጆች በሌለችበት «ሻለቃ» ይሏታል፤ እሷ ደረጃውን ስትወጣ ኳስ የሚጫወተው ሁሉ ግድግዳ ይዞ ይሰለፋል። እናቴ አክስቴን «እርስዎ» ትላት ነበር። ያኔ የመከባበር ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው አሥር ዓመት ሙሉ በሁለቱ መካከል የተቀመጠ ጠረጴዛ ነው፤ አንዷም ልታነሳው አልፈለገችም።

ሻለቃ እንደመጣች ቤቱን ተረከበች። ጸጉሬን ዓይኔ እስኪሳብ ድረስ አጥብቃ ጎነጎነችኝ። ጥፍሬን አየች፣ ጆሮዬን አየች፣ የጫማዬን ሶል ገልብጣ አየች። ቦርሳዬ ውስጥ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ትከታለች፤ ስመለስ መብላቴን ፍርፋሪውን አይታ ታረጋግጣለች። አልጋዋን ከአልጋዬ አጠገብ ዘረጋች። ስተነፍስ እንደምታዳምጥ ይሰማኝ ነበርና ትንፋሼን ይዤ የተኛሁ እመስላለሁ። ያኔም ብድግ ብላ አፍንጫዬ ሥር እጇን ትዘረጋለች። እስረኛ የሆንኩ ያህል ጠላኋት።

በሦስተኛው ቀን ጓዳ ውስጥ ከአባቴ ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ። አባቴ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ድምፁ ራሱ ከሚጠግናቸው ሰዓቶች ድምፅ አይበልጥም።

«ከፍተው ሳያዩ አይታወቅም ነው የሚለው ሐኪሙ» አለ።

«መቼ ነው የሚከፍቷት?»

«ሰኞ።»

«ለልጅቷስ?»

«ምን ብዬ ልንገራት፣ እትዬ? እኔስ ምን አውቄ?»

ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ተሰማ። «እንግዲህ ቀስ እያለች እኔን ትልመደኝ» አለች አክስቴ። «ምን ይታወቃል።»

የሚከፈት ነገር የማውቀው በርና ቆርቆሮ ነው፤ እሱን ተውኩት። «ትልመደኝ» የሚለው ግን ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። አክስቴ የመጣችው ለጥቂት ቀን አይደለም። የእናቴን ቦታ ፈልጋ ነው። እናቴ እንዳትመለስ ደግሞ የሚጎድላት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የዘንባባዋ መሞት። ይህን ምሥጢር እሷም ታውቅ ይሆን ብዬ በበሩ ስንጥቅ አየኋት። ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ተቀምጣ ነበር። የምታቅድ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ረቡዕ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከተትኩ። ይቀዘቅዛል። ግራ ገባኝ። ከኔ በቀር የሚያጠጣት የለም፤ እኔ ደግሞ ገና አልነካኋትም። እንግዲህ ቅዝቃዜው የአፈሩ ሊሆን አይችልም፤ የጣቴ ላብ ነው። በፍርሃት እጄ ሁልጊዜ ያልበኛል። ስለዚህ ያደረውን ጆግ አንስቼ እስከ ጠብታው አፈሰስኩላት። በሁለተኛው ረቡዕም ያው ሆነ፤ ጣቴን በቀሚሴ ጠርጌ ደግሜ ብከተውም ያው እርጥብ ነው፣ እኔም ያው «ላቤ ነው» ብዬ አጠጣሁ።

ከታች ያለው ቅጠል መጀመሪያ ቢጫ ሆነ። በመቀስ ቆርጬ የሒሳብ ደብተሬ ውስጥ ደበቅሁት። በማግስቱ ሌላ። ከዚያ ሁለት ባንድ ጊዜ። ደብተሬ አልዘጋ አለ። ትሪው ላይ ውሃ ተንጣልሎ አገኘሁና አልጠጣም ብላ የተፋችው መስሎኝ በጨርቅ መጥጬ መልሼ ላይዋ ላይ ጨመቅሁት።

በነዚያ ቀናት አባቴ ማታ ማታ ከሆስፒታል ሲመለስ በሩ ላይ እጠብቀዋለሁ። ሕፃናትን ወደ ውስጥ አያስገቡም ነበር። «ደህና ናት፤ ሳምልኝ ብላለች» ይለኛል። «መቼ ነው የምትመጣው?» ስለው መጀመሪያ «ዓርብ» አለ። አራት ቅጠል ቢጫ ሲሆን «የሚቀጥለው ሳምንት» አለ። ሰባት ሲሆን «ትንሽ ትቆያለች» አለ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? አንድ ቅጠል በወደቀ ቁጥር እናቴ አንድ እርምጃ ትርቃለች። የሆነው ምን እንደነበረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ የወጣላት እጢ ክፉ አልነበረም፣ ቁስሏ ግን አመርቅዞ ትኩሳቱ አልለቅ ብሏት ነበር።

ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች መጡ። አንድ ቀን እራት ላይ አባቴ አንዷን በመዳፉ አባረረና «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለ። ይህን ብሎ ሰረቅ አድርጎ ዘንባባዋን አየ። አክስቴም አየች። ከዚያ ሁለቱም ቶሎ ብለው ሰሃናቸው ላይ አቀረቀሩ። እኔ ሁለቱንም አየሁ፤ ተስማምተዋል ማለት ነው አልኩ። ዳቦውን ከአፌ አውጥቼ ሰሃኔ ላይ መለስኩት። ሻለቃ «ብዪ እንጂ!» አለች። መርዝ ይኖርበት ይሆን ብዬ ዳቦዬን ገልብጬ አየሁት።

ያ ሐሳብ ዝም ብሎ አልመጣም። ከዚያ እራት በፊት በነበረው ዓርብ አስተማሪያችን አሞት ከመውጫ ሰዓታችን በፊት ለቀቁን። ደረጃውን በጣቴ ጫፍ ወጥቼ በሩን ስገፋ አክስቴ መስኮቱ ጥግ ጎንበስ ብላለች። በእጇ ጆግ ይዛለች። ከጆጉ የሚወርደው ውሃ ጥርት ያለ አልነበረም፤ ነጣ ብሎ ወፈር ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል ሽታ ያለው ነው። እያፈሰሰች ዞር ዞር ትላለች፤ ሌባ እንኳ እንዲህ አይገላመጥም። ከበሩ ጀርባ ተለጥፌ ያየችኝ መሰለኝ። እሷ ግን ጆጉን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ቅጠሉን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ «አይዞሽ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

«አይዞሽ»ን ሰምቻለሁ። ያን ቀን ግን እንደ ማሾፍ ነው የቆጠርኩት። ነጭ የሆነው ውሃ የሊጥ ገንዳ የታጠበበት ነበር፤ አክስቴ ሊጥ የሚያስነሳ ነገር ቅጠልም ያስነሳል ብላ ታምን ነበር፣ እስከ ዛሬም ታምናለች። ያኔ ግን መርዝ ነው ካልኩ መርዝ ነው። መርዝ በምን ይወጣል? በውሃ ይታጠባል። ለገበያ እስክትወጣ ጠብቄ ከቧንቧው እየቀዳሁ አራት ጆግ ሙሉ አፈሰስኩባት። ወለሉ ላይ የፈሰሰውን በካልሲዬ ጠረግሁ።

እሁድ ደግሞ አባቴን ያዝኩት። ዓይኑ ላይ የሚሰካትን የሥራ መነጽሩን አድርጎ፣ ዘንባባዋ ሥር ተንበርክኮ፣ አንዷን ቅጠል እንደ ሰዓት ማርሽ ገልብጦ ያያታል። ባዶ ጆግ ከጉልበቱ አጠገብ ተቀምጧል። ሲያየኝ ደነገጠ።

«ምንም አልነካሁም» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

መነጽሩን ሲያወልቅ ዓይኑ እርጥብ ነበር። መነጽሩ ጨምቆት ነው አልኩ። ብቻዬን መቅረቴን ግን አወቅሁ፤ አባቴም ከሻለቃ ጋር ነው።

ማክሰኞ ማታ አባቴ ከሆስፒታል ሲመጣ «ደህና ናት» አላለም። «እንተኛ» ብቻ አለ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። ዘንባባዋ ላይ የቀሩት አረንጓዴ ቅጠሎች አምስት ናቸው፤ እነሱም ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። ከቆርቆሮው የረጋ ኩሬ ሽታ ይወጣል። እዚያው ቆሜ አሰብኩ፤ እዚህ ቤት ውስጥ ከዋለች ትሞታለች። የሚያድናት አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ እናቴ ካልመጣች ዘንባባዋ ወደ እናቴ ትሄዳለች። ሆስፒታሉ የት እንደሆነ በደንብ አላውቅም፤ በየት በኩል እንደሆነ ግን አባቴ ሲሄድ በመስኮት አይቻለሁ፣ በዳቦ ቤቱ ወደ ቀኝ ነው።

ቆርቆሮው አልነቃነቅ አለኝ። ጎኑን በትከሻዬ እየገፋሁ ከትሪው ትንሿ ምንጣፍ ላይ አወረድሁት፤ ከዚያ ምንጣፉን ይዤ ወደ ኋላ እየሄድኩ ጎተትሁ። ትንሽ እጎትታለሁ፣ ትንሽ አርፋለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ እንደገና እጎትታለሁ። ደረጃው አፍ ላይ ስደርስ ላብና እንባዬ ተደባልቆ አላይም ነበር። ወደ ታች ዞሬ ቆርቆሮውን ለመደገፍ ሞከርኩ፤ እሱ ግን ተራውን ጠብቆ አልመጣም። ተገለበጠ። በግድግዳው በኩል አልፎኝ እየተንኳኳ ወረደና ከታች፣ ደረጃው የሚታጠፍበት ላይ ተዘረገፈ።

ከአፈሩ የወጣው ሥር ጥቁር ነበር፤ ልክ እንደራሰ ገመድ ልፍስፍስ ብሎ። የጮህኩት ጩኸት የኔ አልመሰለኝም።

አክስቴ ከታች የዳቦ ከረጢት ይዛ እየወጣች ነበር። ከረጢቱን ጣለችው። ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች መጣች፤ ዘንባባዋ ላይ ስትደርስ እንኳ አልዞረቻትም፣ ግንዷን ረግጣ፣ ቅጠሏን ረግጣ አለፈች። ያን አየሁ። ጭንቅላቴን ያዘች፣ ክንዴን ያዘች፣ ጉልበቴን ገለጠች። «የት ላይ ነው? የት ተመታሽ? ተናገሪ እንጂ፣ የት ላይ ነው?»

«ረገጥሻት!» አልኳት። «አንቺ ነሽ የገደልሻት! መርዝ ስታጠጫት አይቻለሁ! እማዬ እንዳትመጣ ነው!»

እጇ ጉልበቴ ላይ እንዳለ ቆመ። ደረጃው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ሻለቃ ናትና።

«ማን ነው አጠጪ ያለሽ?» አለች ዝግ ብላ።

«እማዬ። ረቡዕ ረቡዕ። ለማንም አትንገሪ፣ ላንቺ ብቻ ነው ብላኛለች።»

«ለኔም እኮ» አለች አክስቴ። «ዓርብ ዓርብ። ለእርስዎ ብቻ ነው የምነግርዎ፣ እሱ ይረሳል፣ ልጅቷ ሕፃን ናት፣ ብላ ጆጉን በእጄ አስያዘችኝ።»

ከታች ሳል ተሰማ። አባቴ ነው፤ ለእናቴ ልብስ ሊወስድ መጥቶ የተዘረገፈው አፈር አጠገብ ቆሟል። መቼ እንደደረሰ አላየነውም። ኮፍያውን አውልቆ ያዘ።

«እሁድ እሁድ» አለ። «ሰዓት እንደመሙላት ነው፣ ላንተ ብቻ ነው አለችኝ።»

አክስቴ በጣቷ ቆጠረች፤ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ እሁድ። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው። አባቴም ታችኛው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ የሱ ሳቅ ሌላ ነገር ሆነና ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ።

«አሁን እማዬ አትመጣም?» አልኩ።

«ማን አለ?» አለ አባቴ።

«እሷ ሞታለቻ» አልኩ ወደ ዘንባባዋ እያየሁ።

አክስቴ ብድግ ብላ ወረደች። ጭቃው ላይ ተንበርክካ ሥሩን በሁለት እጇ እንደ ሊጥ ትፈለቅቀው ጀመር። «ሞተች ያለሽ ማን ነው? ሊጥ ቀጠነ ተብሎ ይደፋል እንዴ? ነይ ውረጂ፤ አንተም ወረንጦህን አምጣ።»

እስኪመሽ ደረጃው ላይ ሠራን። ሰው ሲያልፍ ግድግዳ እንይዛለን። አክስቴ የበሰበሰውን ትለያለች፤ አባቴ መነጽሩን ሰክቶ በወረንጦ ይነቅላል፣ በምላጭ ይቆርጣል፤ እኔ የተጣለውን በጋዜጣ እሰበስባለሁ። ከጥቁሩ ሁሉ መካከል ጣቴን የማታህል አንዲት ቡቃያ ተገኘች፤ ሥሯ ነጭ ነው። በደረቅ አፈር፣ በባዶ የወተት ጣሳ ተከልናት። ያን ማታ አባቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እውነቱን ነገረኝ፤ ቁስሏ አልሽር እንዳለ፣ ትኩሳት እንዳለባት፣ ሐኪሞቹ እየታገሉ እንደሆነ። «እኔም ፈርቻለሁ» አለኝ። እስከዚያ ቀን የፈራሁት ብቻዬን ነበር። አክስቴ አጠገቤ ስትተኛ ያን ቀን ትንፋሼን አልያዝሁም፤ እንድትሰማው ለቀቅሁት።

እናቴ ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ መጣች። ኮቷ ሰፍቷታል፣ አንገቷ ቀጥኗል። እኔ ከስፌት ማሽኑ ጀርባ ተደበቅሁ። ገና ሳትቀመጥ «ዘንባባዬስ?» አለች፣ ባዶውን የመስኮት ጥግ እያየች። ሦስታችንም ባንድ ጊዜ ተናገርን። ማንም ማንንም አልሰማም፤ እሷ ግን ሰማች። ፊቷ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ሳቀች።

«አታስቁኝ፣ ስፌቴ ይተረተራል!» አለች። እንባዋን እየጠረገች «እኔማ ሁለታችሁ ትረሳላችሁ ብዬ ነበር እኮ» አለች።

ማንም አልሳቀም። እናቴ ቀና ብላ አክስቴን አየች። «አንቺም አልረሳሽም?» አለቻት።

አንቺ አለቻት። ሻለቃ የእጅጌዋን ዱቄት ታራግፍ ጀመር።

ከሁለት ወር በኋላ አክስቴ ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ የወተት ጣሳዋ ዘንባባ ስትጠነክር እናቴ ከሥሯ የበቀለች ቡቃያ ከፍላ ሰጠቻት። የእናቴ ዘንባባ ዛሬ ጣራ ነክታለች። የአክስቴም ትልቅ ናት፤ ዳቦ ቤቱ ካለበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአልጋዋ አጠገብ።

ባለፈው ወር አክስቴ ወድቃ እግሯን ተሰበረች። ሰማንያ ሊሞላት ሁለት ዓመት ነው የቀራት። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ስልክ ስንደውልላት «አትምጡብኝ፤ ደህና ነኝ፤ ጎረቤት ዳቦ ታመጣልኛለች» ትላለች። ሻለቃ ደህና ነኝ ካለች ማን ይከራከራታል? እኛም አመንናት፤ ማመኑ ተመችቶን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ በዚያ በኩል ሳልፍ ወጣሁ። ትራሷን ተደግፋ ተኝታለች። ጸጉሯ አልተበጠረም። ብዙም ሳንጨዋወት «ዘንባባዋን እዪልኝ» አለችኝ። «ጆግ ማንሳት አቅቶኛል። እስክነሳ አደራ።»

ሳቅሁ። «ለስንት ሰው ነገርሽ ደግሞ?»

«ለማን ልንገር?» አለች። «ላንቺ ብቻ።»

ከዚያ ጣራውን እያየች የማላውቀውን ነገረችኝ። «እናትሽ ሆስፒታል ሳትገባ ቤት ጠርታኝ ስለ ዘንባባዋ ስትነግረኝ፣ ዓይኗ ዘንባባዋ ላይ አልነበረም። አንቺ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለሽ ቁልፍ በክር ትሰኪ ነበር። ይህን ያህል ውሃ፣ ይህን ያህል ብርሃን ትለኛለች፤ ዓይኗ አንቺ ላይ ነው። ልጄን አደራ ማለት አፏ እምቢ አላት። እኔም ዘንባባዋን እሺ አልኳት።»

ሌሊት አፍንጫዬ ሥር ትዘረጋው የነበረው እጅ፣ ረግጣት ያለፈችው ዘንባባ፣ አጥብቃ የጎነጎነችው ጸጉር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቦታው ተበታትኖ የኖረው ሁሉ ባንዴ ተሰበሰበብኝ። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከተትኩ። እርጥብ ሆኖ ባገኘው ምን ነበረ! እስከ ሁለተኛው አንጓ ድርቅ ብሏል። እውነቷን ነው፤ ከኔ በፊት ማንም አልመጣም።

አንድ ጆግ አጠጣሁ። ጸጉሯን አበጥሬ ጎነጎንኩላት፤ «አጥብቂው፤ ይፈታል» አለችኝ።

ስወርድ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። መጀመሪያ እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ አክስቴ ዘንባባዋን አደራ ብላለች፤ ዓርብ ዓርብ አንድ ጆግ። ለማንም እንዳትነግሪ፣ ላንቺ ብቻ ነው።» ቀጥዬ ባሌ ጋ፣ «ላንተ ብቻ ነው፣ እሁድ እሁድ።» ማታ ደግሞ ልጄን ወደ መስኮቱ ወስጄ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳት፤ ሰኞ። ዘንባባዋ ብትበሰብስም ትበስብስ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ስሄድ ክፍሉ ውስጥ ወንበሮቹ አልጋው ዙሪያ ተስበው ነበር። ጣቴን ከተትኩ። ይቀዘቅዛል።

«ማን መጥቶ ነበር?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች አክስቴ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጆጉን እንደሞላ መሬት ላይ አስቀመጥኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።